የተቦረቦረ የጥንት ጠመንጃ፦ ዝገቱ ይጸዳል፣ ጉድጓዱ አይሞላም

በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ከዘመቱት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ የታጠቁት ውጅግራ ነበር። ስሙ «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን፣ መሣሪያው ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1874 ለሠራዊቷ የመረጠችው ባለ 11 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ነው። እንዲህ ያለ ቅርስ ሲመረመር ጉዳቱ የሚብሰው ጥይቱ በሚያልፍበት ቱቦ ውስጥ ነው።

የጉዳቱ ምንጭ ጥቁሩ ባሩድ ነው። ሲነድ ከግማሽ የሚበልጠው ጠጣር ቅሪት ሆኖ ይቀራል፤ ቅሪቱም እንደ ጨው እርጥበት ይስባል። ሳይታጠብ የከረመ ቱቦ ይዝጋል፤ ዝገቱ ብረቱን እየበላ ይቦረቡረዋል፣ ጥይቱን የሚያሾሩትን ጥምዝ መስመሮችም ያደበዝዛል።

ቅሪቱን ዘይት ብቻውን አያስለቅቀውም፤ የሚያሟሟው ውኃ ነው። ባለሙያ ጥይት አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ፣ ከእንጨቱ የተለየው ቱቦ በሙቅ ውኃ ይታጠባል፤ ወዲያው ደርቆ ስስ ዘይት ይቀባል። የቀረው ዝገት በዘይት ርሶ በነሐስ ብሩሽ ይለቃል።

ጉድጓዱ ግን የጠፋ ብረት ነው። በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ቱቦውን ከማስፋት በቀር አይደፍነውም። አንዳንድ ጠመንጃ ሠሪዎች የውስጡን ቦርቡረው አዲስ ቱቦ ይሰኩበታል፤ ይህ ለተኳሽ ጥገና ቢሆንም ለቅርስ ጥፋት ነው።

ውጅግራ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ግፊት ነው። ጢስ አልባው ባሩድ ግፊቱ ስለሚበልጥ፣ የሳሳውን ቱቦ በተኳሹ ፊት ሊያፈነዳው ይችላል።