የጠመንጃ ቅባትና የ1857ቱ የሕንድ አመፅ



የ1857ቱ (እ.ኤ.አ.) የሕንድ አመፅ ሲነሳ «ወታደሮቹ በጥይት ቅባት ምክንያት አመፁ» ተብሎ ይታለፋል። ለመሆኑ ጠመንጃ ቅባት ለምን አስፈለገው? ታሪኩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

በዚያ ዘመን ጠመንጃ የሚጎርሰው በአፈሙዙ በኩል ነበር። ወታደሩ ባሩድና እርሳስ የተጠቀለለበትን ወረቀት ጫፍ በጥርሱ ቀድዶ ባሩዱን ወደ ውስጥ ያፈሳል፤ ከዚያም ጥይቱን በዘንግ እስከ ታች ይገፋል። ጥቁር ባሩድ ሲነድ ከክብደቱ ግማሽ የሚበልጠው ጠጣር ቅሪት ይሆናል። ከፊሉ በጢስ ይወጣል፤ ከፊሉ ግን በቱቦው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ተኩሱ ሲደጋገም ቱቦው ይጠባል፤ ጥይቱም አልወርድ ይላል። በውጊያ መሃል እንዲህ ማለት ሞት ነው።

መፍትሔው ሁለት ነበር። በተኩስ ጊዜ ጥይቱ የተጠቀለለበት ወረቀት ቅባት ይቀባል። ቅባቱ ቅሪቱን ስለሚያለሰልሰው ቀጣዩ ጥይት ሲገባ እየጠረገው ይወርዳል። ከተኩስ በኋላ ደግሞ ዋናው መድኃኒት ውኃ ነው። ቅሪቱ በአብዛኛው ጨው ስለሆነ ውኃ ያሟሟዋል። ሙቅ ውኃ ከሆነ ደግሞ ብረቱ ስለሚሞቅ ቶሎ ይደርቃል። በዘንግ ጫፍ ላይ የታሰረው ጨርቅ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ይወለወላል፣ በደንብ ይደርቃል፣ በመጨረሻም ዘይት ይቀባል። ሳይታጠብ ካደረ ጨዉ ከአየር እርጥበት ስቦ ብረቱን ያዝገዋል።

እንግሊዞች በ1853 የሠሩት ኤንፊልድ ጠመንጃ ቱቦው ውስጥ ጠመዝማዛ ቦዮች ነበሩት። ከአሮጌው ጠመንጃ አርቆና አነጣጥሮ ይመታል፤ ነገር ግን ቅሪት ቦዮቹን እንዳይሞላ ቅባት የግድ ነበር። ችግሩ ቅባቱ ከምን ተሠራ የሚለው ነው። ሞራ ነበረበት፤ ከየትኛው እንስሳ እንደተወሰደ ግን በጥንቃቄ ያጣራ አልነበረም።

በጥር 1857 «የላምና የአሳማ ስብ ነው» የሚል ወሬ በካልካታ አቅራቢያ ካለው የዱምዱም ጦር ሰፈር ተነስቶ ተዛመተ። ላም ለሂንዱው የተከበረች ናት፤ አሳማ ለሙስሊሙ ሐራም ነው። ያንን ወረቀት አፍ ውስጥ አስገብቶ መንከስ ለሁለቱም የማይታሰብ ነበር። አዛዦቹ ወታደሮቹ ራሳቸው ሰምና ቅቤ እንዲቀቡ፣ ወረቀቱንም በጣት እንዲቀድዱ ፈቀዱ። ግን ረፍዶ ነበር፤ «ንጹሕ ከሆነ ለምን ለወጡት?» የሚለው ጥያቄ ጥርጣሬውን አባሰው።

ሚያዝያ 24 ቀን በሚሩት ከተማ 90 ፈረሰኞች ተሰልፈው ጥይት ተሰጣቸው። የሚገርመው ጥይቱ ቀድሞ የሚያውቁት አሮጌው ዓይነት ነበር፤ ቅደዱት የተባሉትም በጣት ነበር። ሆኖም 85ቱ አንነካም አሉ። ግንቦት 9 ቀን በጓዶቻቸው ፊት እግራቸው በሰንሰለት ታሰረ። በማግስቱ፣ በረመዳን ወር፣ ጓዶቻቸው ወህኒውን ሰብረው አስፈቷቸው፤ ወደ ዴልሂም ገሠገሡ። ሂንዱውም ሙስሊሙም አዛውንቱን ንጉሥ ባሃዱር ሻህ ዘፈርን መሪያችን አሉ። ደም በሁለቱም ወገን ፈሰሰ፤ ሴቶችና ሕፃናትም አልቀሩም። በመስከረም ዴልሂ በእንግሊዞች እጅ ወደቀች። ንጉሡ ወደ ራንጉን ተግዘው በ1862 እዚያው አረፉ።

የአመፁ መንስኤ ቅባቱ ብቻ አልነበረም። የአገር መነጠቅ፣ የደመወዝና የክብር ቅሬታ ለዓመታት ሲጠራቀም ቆይቷል። ሳይታጠብ እንዳደረ ቱቦ ውስጥ ውስጡን ይዝግ ነበር።

ወንድሞችና እህቶች፣ ጠመንጃው ቅባት ማስፈለጉ እውነት ነው፤ የመሐንዲሶቹ ስሌትም ትክክል ነበር። የጎደለው «ይህን የሚነክሰው ሰው ማን ነው? ምን ይከብደዋል?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ዛሬ መሥሪያ ቤት የምትመሩ፣ ድግስ የምታዘጋጁ፣ መድኃኒት የምትሸጡ ወጣቶች ይህን ያዙ፦ ሰው የሚበላውንና የሚነካውን ነገር ከምን እንደተሠራ ሳይጠይቃችሁ ንገሩት። አንዴ ከተጠራጠረ በኋላ እውነቱን ብትነግሩትም ላያምናችሁ ይችላል።

ወላሁ አዕለም።