ነፍስና መንፈስ በተዋሕዶ ትምህርትና በሰሜን ወሎ የቀብር ሥርዓት

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነፍስ የምታስብ፣ የምትናገርና የማትሞት የሰው ባሕርይ ናት። ከሥጋ ጋር ተዋሕዳ ሰውን ሰው ታሰኛለች፤ በሞት ከሥጋ ትለያለች፤ በትንሣኤ ሙታን ተመልሳ ከሥጋዋ ጋር ትዋሐዳለች። መንፈስ የሚለው ስም ደግሞ በቅዱሳት መጻሕፍት ለመንፈስ ቅዱስ፣ ለመላእክት፣ ለአጋንንትና ለሰው ውስጣዊ ሕይወትም ስለሚነገር ፍቺው እንደ ንባቡ ይለያያል። ይህ መጣጥፍ የትምህርቱን ዋና ዋና ነጥቦች አንሥቶ በወልድያ፣ በመርሳና በአጠቃላይ በሀብሩ ወረዳ ሰው ሲሞት እንዴት እንደሚተረጎም ያሳያል።

ወልድያ ከአዲስ አበባ 520 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደሴ መቀሌ አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የሰሜን ወሎ ዞን ዋና ከተማ ናት። በዚያው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ሲወርዱ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ትገኛለች። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ መንደር፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ዘር ማንዘር ተቀላቅሎ የሚኖርበት አገር ነው። በስተምዕራብ የላስታ ላሊበላ፣ በስተደቡብ ደግሞ በአምባሰል ግሸን ማርያምና በሐይቅ የእስጢፋኖስ ገዳም ስላሉ፣ ስለ ነፍስ የሚነገረው ትምህርት ለዚህ አካባቢ ሕዝብ ከደጁ የማይርቅ ነው።

ሰባቱ ባሕርያት

የቤተ ክርስቲያን መምህራን ሰው ከሰባት ባሕርያት ተፈጠረ ይላሉ። አራቱ የሥጋ ናቸው፦ መሬት፣ ውኃ፣ ነፋስና እሳት። ሦስቱ የነፍስ ናቸው፦ ልብ፣ ቃልና ሕይወት። በእነዚህ በሦስቱ ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢትና ሕያዊት ትባላለች፤ ታስባለች፣ ትናገራለች፣ ሕያው ሆና ትኖራለች። ሦስት ነፍሶች አይደሉም፤ የአንዲት ነፍስ ሦስት ግብሮች ናቸው። ሊቃውንቱ ምሥጢረ ሥላሴን ሲያስተምሩ አብን ልብ፣ ወልድን ቃል፣ መንፈስ ቅዱስን እስትንፋስ ስለሚሉ፣ ሰው በእግዚአብሔር አርአያ ተፈጠረ የሚባለው በመልኩ ወይም በቁመናው ሳይሆን በነፍሱ እንደሆነ ከዚህ ያስረዳሉ።

የትምህርቱ መነሻ ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ቁጥር 7 ነው። እዚያ ላይ እግዚአብሔር አዳምን ከምድር አፈር አበጅቶ የሕይወት እስትንፋስ እፍ እንዳለበት ተጽፏል። እስትንፋሱ ከእግዚአብሔር ስለወጣ ነፍስ የመለኮት ቁራጭ ናት የሚል ቢኖር መምህራኑ አይቀበሉትም፤ ነፍስ ፍጡር ናት። ከሥጋ በፊት ብቻዋን ትኖር ነበር የሚለውንም አይቀበሉም። ነፍሳት ከሥጋ አስቀድሞ ነበሩ የሚለው አስተሳሰብ በአርጌንስ ስም ይታወቃል፤ የአርጌንስን ትምህርት የእስክንድርያው ፓትርያርክ ቴዎፍሎስ በ400 ዓመተ ምሕረት ገደማ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) አውግዞታል። ኢትዮጵያ የራሷን ፓትርያርክ በ1951 ዓ.ም. እስከሾመችበት ጊዜ ድረስ ጳጳሳቷን ከእስክንድርያ ስትቀበል ስለኖረች የእስክንድርያ አባቶች ፍርድ እዚህም ጸንቶ ቆይቷል።

እንስሳት በዚህ ትምህርት ደመ ነፍስ አላቸው፤ ሕይወታቸው ከደማቸው ጋር የተያያዘች ናት፤ ደማቸው ሲፈስ አብራ ታልፋለች። የሰው ነፍስ ግን ሥጋው ቢፈርስም አትፈርስም። ከዚህ ተነሥቶ ሥጋ የነፍስ እስር ቤት ነው፣ ሞትም ነጻ መውጣት ነው ወደሚል መደምደሚያ መድረስ ቀላል ነው፤ የግሪኩ ፈላስፋ አፍላጦን እንዲያ አስተምሯል። የተዋሕዶ ሊቃውንት በዚህ መንገድ አልሄዱም። ያለ ሥጋ ያለች ነፍስ ሕያው ብትሆንም ሙሉ ሰው አትባልም፤ የሰው ሙሉነት በትንሣኤ ነው። ትንሣኤ ሙታን ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር የመጨረሻው የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የወሎ ቄስና የወሎ ገበሬ በሬሳ ላይ የሚያደርጉት ጥንቃቄ ሁሉ የሚገባው ይህ ሲታወቅ ነው።

መንፈስ

ቅዱስ ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት (ምዕራፍ 5 ቁጥር 23) መንፈስን፣ ነፍስንና ሥጋን አከታትሎ ይጠራል። ከዚህ ተነሥተው ሰው የሦስት ነገሮች ጥምር ነው የሚሉ አሉ፤ በተለይ በጴንጤቆስጤ አብያተ ክርስቲያናት ስብከት ይህ አከፋፈል የተለመደ ነው። የተዋሕዶ መምህራን ግን ሰውን ነፍስና ሥጋ ይሉታል እንጂ መንፈስን ሦስተኛ ክፍል አያደርጉትም። ዮሐንስ አፈወርቅ በጳውሎስ ቃል ውስጥ ያለውን መንፈስ ለምእመናን የተሰጠ የመንፈስ ቅዱስ ጸጋ አድርጎ ተርጉሞታል። ይህ ትርጓሜ የጳውሎስን ማሳሰቢያ ግልጽ ያደርገዋል፤ ክርስቲያን የተሰጠውን ጸጋ ሳያጠፋ እስከ ክርስቶስ ምጽአት እንዲጠብቅ ነው የሚመክረው።

ጸጋው የሚሰጠው በጥምቀትና በሜሮን ነው። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ትጠመቃለች። ቁጥሩ ከመጽሐፈ ኩፋሌ ጋር ይያያዛል፤ በዚያ መጽሐፍ አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት ገብተዋል። ሕፃኑ እንደ ተጠመቀ ካህኑ ሜሮን ይቀባዋል፤ ከዚያ በኋላ ቅዱስ ቁርባን ይቀበላል።

በየዕለቱ ንግግር ግን መንፈስ ያዘው፣ መንፈስ አለበት ሲባል የሚታሰበው ሌላ ነው። በወሎ ዛር ከጥንት የታወቀ ነው፤ የታመመውን ወደ ጠበል መውሰድም እንዲሁ። በጠበል ቦታ ይወጣል የሚባለው መንፈስ ከውጭ የመጣ ርኩስ መንፈስ ነው እንጂ የሰውየው ነፍስ ክፉ ናት ማለት አይደለም። ይህን ልዩነት አለማወቅ በሕመምተኛው ላይ ግፍ ያመጣል። በአእምሮ ሕመም የሚሠቃይ ሰው የራሱ ማንነት እንደረከሰ ተቆጥሮ ሲሰደብና ሲገለል ማየት ያሳዝናል፤ ትምህርቱ ይህን አይደግፍም።

የክርስቶስ ነፍስና የቦሩ ሜዳ ጉባኤ

ነፍስ በክርስትና ውስጥ የያዘችው ቦታ ጎልቶ የሚታየው ስለ ክርስቶስ በሚነገረው ትምህርት ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን አቡሊናርዮስ ክርስቶስ ሥጋ እንጂ የምታስብ የሰው ነፍስ አልነሣም ብሎ አስተማረ። በ381 (እንደ አውሮፓውያን) የተሰበሰበው የቁስጥንጥንያ ጉባኤ አወገዘው። አባቶቹ የመለሱት፣ ክርስቶስ ነፍስን ካልተዋሐደ ነፍስ አልዳነችም ብለው ነው። የተዋሕዶ መምህራን ስቅለቱን ሲያስተምሩ፣ ነፍሱ ከሥጋው በተለየች ጊዜ መለኮት ከሁለቱም አልተለየም፣ ሥጋው በመቃብር ሳለ በነፍሱ ወደ ሲኦል ወርዶ ነፍሳትን ነጻ አወጣ ይላሉ።

ስለ ክርስቶስ ሰውነት ወሎ ራሷም ታላቅ ክርክር አስተናግዳለች። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ደሴ አቅራቢያ በምትገኘው ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጠሩ። የጸጋ ልጆች፣ በሌላ ስማቸው የሦስት ልደት ወገኖች፣ ከተዋሕዶዎቹ ጋር ተከራከሩ። ጥያቄው የመንፈስ ቅዱስ ቅብዓት በክርስቶስ ሰውነት ምን ሠራ የሚል ነበር። የሰውነቱ ክብር በተዋሕዶ ነው የሚለው ወገን ረታ፤ ሦስት ልደት ተወገዘ። ያው ጉባኤ የወሎን ሙስሊሞች ክርስትና እንዲቀበሉ ወደ ማስገደድም ስላመራ፣ በዚህ አገር ታሪክ ውስጥ የሚታወሰው በነገረ መለኮት ብቻ አይደለም።

ከሞት በኋላ

የጻድቃን ነፍሳት ወደ ገነት፣ የኃጥኣን ነፍሳት ወደ ሲኦል ይሄዳሉ። ሁለቱም መቆያዎች ናቸው። መንግሥተ ሰማያትና ገሃነመ እሳት ግን ከትንሣኤ ሙታንና ከመጨረሻው ፍርድ በኋላ የሚሰጡ ናቸው። በተለምዶ ሲነገር ገነት ከመንግሥተ ሰማያት፣ ሲኦል ከገሃነም ጋር ቢቀላቀልም መምህራኑ ይለዩአቸዋል። ቤተ ክርስቲያኒቱ ለሙታን ትጸልያለች፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረውን የመንጻት ስፍራ ግን አትቀበልም።

ስለ መቆያው ሰፊ ሥዕል የሚሰጠው መጽሐፈ ሄኖክ ነው። በምዕራፍ 22 ሄኖክ የሙታን ነፍሳት እስከ ፍርድ ቀን ተለያይተው የሚጠበቁባቸውን ጥልቅ ስፍራዎች ያያል። መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው፤ ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ ሆኖ የኖረውም በኢትዮጵያ ነው።

ሕዝቡ ስለ ነፍስ ፍርድ የሚያውቀው ግን ከሄኖክ ይልቅ ከተአምረ ማርያም ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1426–1460 ዓ.ም.) በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ባዘዙት በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የበላዔ ሰብ ታሪክ አለ። 78 ሰው የበላው ይህ ሰው በእመቤታችን ስም ለለመነው ለምጻም ጥርኝ ውኃ ያጠጣል። ሲሞት ነፍሱ በሚዛን ላይ ትቀመጣለች፤ ጥርኟ ውኃ ሚዛኑን ትደፋለች። የካቲት 16 በኪዳነ ምሕረት በዓል ይህ ታሪክ ሲነገር ያልሰማ ክርስቲያን በወሎ አይገኝም ማለት ይቻላል። ስለ ምሕረት ከተጻፉት ሁሉ ደፋሩ ይመስለኛል።

በላስታ ሁለት ቦታዎች ለዚህ ትምህርት የሚታይ አካል ሰጥተውታል። በላሊበላ ቤተ ጎልጎታን የያዘው የአብያተ ክርስቲያናት ስብስብ ውስጥ የአዳም መቃብር የሚባል አለ። በዋሻ ውስጥ በተሠራው በይምርሐነ ክርስቶስ ደግሞ ከሕንፃው ጀርባ የብዙ ሰዎች ዐፅም ይታያል፤ ትውፊቱ ከሩቅ አገር መጥተው እዚያ ያረፉ ምእመናን ናቸው ይላል።

ከሞት አልጋ እስከ መቃብር

በመርሳና በአካባቢዋ ሕመሙ ሲጸና የነፍስ አባት ይጠራል። ኑዛዜ ይቀበላል፣ ንስሐ ይሰጣል፤ ለሟቹም ለቤተሰቡም ትልቁ ጭንቀት ያለ ንስሐ አባት መሞት ነው። ነፍስ ስትወጣ ሬሳው ይታጠባል። የሁለቱ እጆች አውራ ጣቶች አንድ ላይ፣ የሁለቱ እግሮች አውራ ጣቶችም አንድ ላይ ይታሰራሉ፤ ከዚያ በነጭ አቡጀዲ ይገነዛል፣ በሰሌን ይጠቀለላል። ካህናቱ መዝሙረ ዳዊትን ተከፋፍለው ይደግማሉ፤ ከመጽሐፈ ግንዘት የሚጸለየው ፍትሐት ይጀመራል። ፍትሐት ነፍስ ከኃጢአት እስራት እንድትፈታ የሚደረግ ጸሎት ነው። ሬሳው ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ በየመንገዱ እያረፈ ይጸለይበታል፤ ሥርዓቱ ሰባት ማረፊያ አለው። መቃብር ውስጥ ራሱ በምዕራብ፣ እግሩ በምሥራቅ ይደረጋል። በትንሣኤ ቀን ሲነሣ ፊቱ ወደ ምሥራቅ እንዲሆን ነው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሬሳ ባዶ ቅርፊት ሆኖ አይጣልም፤ ባለቤቱ ተመልሳ የምትመጣበት ሥጋ ነውና።

ይህን ሁሉ የሚያስተባብረው ቅሬ ነው። በሌላው አገር ዕድር የሚባለው የቀብር ማኅበር በወሎ ስሙ ቅሬ ነው፤ በብዙ መንደር ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቅሬ ይታቀፋሉ። መርዶ ሲሰማ የቅሬው ጠሪ ያውጃል፤ ሙስሊሙ ጎረቤት ዶማና አካፋ ይዞ ለክርስቲያኑ መቃብር ይቆፍራል፤ ክርስቲያኑም ለሙስሊሙ እንዲሁ። ሙስሊሙ ነፍስን ሩሕ ይላታል፤ ከሞት እስከ ትንሣኤ ያለውንም ቆይታ በርዘኽ ይለዋል። ትምህርቱ ይለያያል፤ ነፍስ ከመቃብር በኋላ እንደምትኖርና እንደምትጠየቅ ግን ሁለቱም ያምናሉ፤ በልቅሶው ቤት አንድ ላይ ሲቀመጡ እንግድነት የማይሰማቸው ለዚህ ነው። በከተሞቹ ያሉት ወንጌላውያን በበኩላቸው የሞተውን ነፍስ ለእግዚአብሔር ትተው ጸሎታቸውን ለሐዘንተኛው ያደርጋሉ እንጂ ፍትሐት የላቸውም። ሰባተኛ ቀን አድቬንቲስቶች ደግሞ ሞትን እስከ ትንሣኤ የሚቆይ እንቅልፍ ይሉታል።

በ1966 እና በ1977ቱ ረኃብ ወሎ ውስጥ ብዙ ሰው ከአጥቢያው ርቆ፣ በመንገድ ዳርና በመጠለያ ሞቷል። ሬሳው ላልተገኘ ወይም በወጉ ላልተቀበረ ሰው ስሙ ተጠርቶ መጸለይ ይቻላል፤ ነፍስን ለማሰብ ሬሳው መገኘት ግድ አይደለም።

ተዝካር

ከቀብር በኋላ ሟቹ የሚታሰብባቸው ቀናት 3ኛው፣ 7ኛው፣ 12ኛው፣ 30ኛው፣ 40ኛውና 80ኛው፣ ከዚያም መንፈቅ፣ ሙት ዓመትና ሰባት ዓመት ናቸው። ከሁሉ ገኖ የሚከበረው አርባው ነው፤ ክርስቶስ ከትንሣኤው በኋላ በ40ኛው ቀን ማረጉ ይታሰብበታል። በዚያ ቀን ፍትሐት ይደረጋል፣ ይቀደሳል፣ ጠላና እንጀራ ተዘጋጅቶ ካህናቱና ድኾቹ ይበላሉ። በሰሜን ወሎ ለሙስሊም ጎረቤቶች ሌላ እርድ በሙስሊም እጅ ይታረዳል።

ተዝካር ብዙ ቤት አራቁቷል። በሬ ሸጠው፣ ተበድረው፣ መሬት አከራይተው የደገሱ ብዙዎች ናቸው፤ ይህን የሚቃወሙ የቤተ ክርስቲያን መምህራንም ዛሬ ጥቂት አይደሉም። ትክክል ናቸው። ነፍስን ይረዳል ተብሎ የሚታመነው ጸሎቱ፣ ቁርባኑና ለድኻ የሚሰጠው ምጽዋት ነው፤ የድግሱ ትልቅነት በሥርዓቱ ውስጥ ቦታ የለውም። ለመደገስ አቅም የሌለው ቤተሰብ ወደ አጥቢያው ሄዶ የሟቹን የክርስትና ስም ለካህኑ ቢሰጥ በቅዳሴው ጸሎት ይታሰብለታል።