አዳራሹ ሲከፈት ማን ገባ? ማንስ ውጭ ቀረ?

«ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» ሲባል ሰምተን አደግን። መጋቢት 2012 ላይ ግን ነገሩ ተገለበጠ። መድኃኒት የነበረው ሰው በሁለት ሜትር ርቀት የሚሸሹት ሆነ። መጨባበጥ ነውር ሆነ፤ ታክሲ ውስጥ ማሳል ደግሞ ከወንጀል አላነሰም። በዚያ ሰሞን «ከእንግዲህ ስብሰባ የሚባል ነገር አለቀለት፤ ሁሉም ቤቱ ቁጭ ብሎ በዙም ይጨርሰዋል» የሚል ትንቢት በየአቅጣጫው ይሰማ ነበር።

ትንቢቱ አልሰመረም። የባርሴሎናውን የሞባይል ኮንግረስ እንይ። እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ 109 ሺህ ሰው ተገኝቶበት ነበር። በ2020 ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ተሰረዘ። በ2021 ሲመለስ የመጣው ሰው ወደ 20 ሺህ ብቻ ነበር። በ2024 ግን እንደገና ከ100 ሺህ በላይ ሆነ። ለነገሩ ባርሴሎና ድረስ ምን አስኬደን? የአዲስ አበባ ሆቴሎች ደጃፍ ላይ የተገተሩትን ባነሮች ማየት ይበቃል። ወርክሾፕ አልሞተም። አበልም አልሞተም። የሻይ ዕረፍትም፣ እግዜር ይመስገን፣ በሕይወት አለ።

እኔን የሚገርመኝ ስብሰባው መመለሱ አይደለም። ሰው ከወረርሽኝ በኋላ ሁልጊዜም ተመልሶ ይሰበሰባል። የሚገርመኝ በተመለሰ ቁጥር አዘጋጆቹ የሚረሱት ሰው ያው አንድ መሆኑ ነው። እስቲ ከጥንቱ እንነሳ። (ከዚህ በኋላ «እ.ኤ.አ.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

ከኅዳር በሽታ ማግስት

ኅዳር 1911። ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር አዲስ አበባ ከገባ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ከተማዋን የመታው በዚያ ወር ነው። ስሙም ከወሩ ወጣለት፤ የኅዳር በሽታ ተባለ። ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ በጽኑ ታመው ተርፈዋል። ኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው እንደነገሩን አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ ወደ 10 ሺህ ሰው አልቋል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ ጠርገን የምናቃጥለው፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ልማድ ብዙዎች ዘንድ ከዚያ መከራ ጋር ይያያዛል።

ታዲያ ሰው ከዚያ ሁሉ ሞት በኋላ እቤቱ ቀረ? አልቀረም። ሐምሌ 1911 ላይ፣ ማለትም ስምንት ወር ያህል እንዳለፈ፣ ደጃዝማች ናደው የመሩት የኢትዮጵያ መልእክተኛ ቡድን አሜሪካ ገባ። ከንቲባ ገብሩ ደስታና ኋላ ብላቴን ጌታ የተባሉት ኅሩይ ወልደ ሥላሴ አብረው ነበሩ። ጉዳያቸው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ድል ላደረጉት እንኳን ደስ ያላችሁ ማለትና ወዳጅነት ማደስ ነበር። ይኼ በደብዳቤ አይሆንም ነበር ወይ? ይሆን ነበር። ግን በዚያው ዓመት ፓሪስ ላይ ኃያላኑ ተሰብስበው የዓለምን ካርታ እያረሙ ነበር፤ ኢትዮጵያ ደግሞ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ወንበር አልነበራትም። ወንበር የሌለው አገር ቢያንስ ፊቱን ማሳየት አለበት። በባቡርና በመርከብ ያን ሁሉ መንገድ መሄድ ትርጉም የነበረው ለዚህ ነው።

የፓሪሱ ጉባኤም ቢሆን በሽታው ገና ሳይወጣ የተካሄደ ነው። ከፈረንሳዩ ፒኮ ጋር የመካከለኛውን ምሥራቅ ካርታ የከፋፈለው እንግሊዛዊው ማርክ ሳይክስ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1919 እዚያው ፓሪስ፣ ሆቴል ውስጥ፣ በኢንፍሉዌንዛ ሞተ። ዕድሜው 39 ነበር። በሚያዝያ ወር ፕሬዝዳንት ዊልሰንም አልጋ ያዙ። ጉባኤው ግን ቀጠለ። ትልልቆቹ ሲታመሙ ታሪክ ስማቸውን መዘገበ። አልጋቸውን ያነጠፈችውን፣ ሳህናቸውን ያነሳውን ማን መዘገበው? ማንም።

በስብሰባ የሚተዳደር ከተማ

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። አዲስ አበባ በቡና ብቻ አትኖርም፤ በስብሰባም ትኖራለች። አፍሪካ አዳራሽ በ1953 ተመረቀ። ግንቦት 17 ቀን 1955 የ32 አገሮች መሪዎችና ተወካዮች እዚያ ተቀምጠው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሠረቱ። ሚሌኒየም አዳራሽ በ2000 ተጨመረ። ቻይና የሠራችው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ በ2004 ተመረቀ። በ2011 ደግሞ ስካይላይት ሆቴል 373 ክፍሎቹን ይዞ ከኤርፖርቱ አጠገብ ብቅ አለ።

አንድ የሁለት ቀን ጉባኤ ስንት ሰው ያበላል? መድረክ ላይ የሚቀመጡትን ተዋቸው። አስተርጓሚው አለ። እንግዳ ከኤርፖርት የሚያመላልሰው ሾፌር አለ። ባጅ አታሚው፣ ፎቶ አንሺው፣ ድምፅ ማጉያ ተከላዩ፣ ቡና የምታፈላዋ፣ የአልጋ ልብስ አጣቢዋ፣ ለሆቴሉ ኩሽና ቲማቲም የሚያቀርበው ነጋዴ አለ። ብዙዎቹ የሚከፈላቸው በቀን ወይም በሥራው ልክ ነው። ጉባኤ ካለ ገቢ አለ። ጉባኤ ከሌለ የለም።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ። በዚያው ወር መጨረሻ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ። እንግዳ ይቀበሉ የነበሩ ሆቴሎች መንገደኛ ለ14 ቀን የሚዘጋባቸው ኳራንቲን ሆኑ። ለድግስ የተሠራው ሚሌኒየም አዳራሽ ወደ 1000 የሚጠጉ አልጋዎች ያሉት የኮሮና ሕክምና ማዕከል ሆነ። በየካቲት 2012 መጀመሪያ በአካል የተሰበሰቡት የአፍሪካ መሪዎች በጥር 2013 በስክሪን ተያዩ። በአካል የተመለሱት ጥር 2014 ላይ ነው፤ ያውም አገራችን ጦርነትና ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ውስጥ እያለች።

አየር መንገዱ ራሱ በዘዴ ተረፈ። የመንገደኛ አውሮፕላኖቹን ወንበር አንስቶ ዕቃ ጫነባቸው። ጎበዝ! ግን ባጅ አታሚው ምን ያንሳ? ምን ይጫን? የ2012ቱ አዋጅ አሠሪ ሠራተኛውን እንዳያባርር ከልክሎ ነበር። መልካም ነው። ይሁንና ሰው የሚባረረው መጀመሪያ ተቀጥሮ ከሆነ ነው። በቀን ሂሳብ የሚሠራውን ማንም አላባረረውም፤ ዝም ብሎ ስልኩ መጮህ አቆመ።

የዊምብልደን ኢንሹራንስ

«ምን ይደረግ፣ ወረርሽኝ የእግዜር ቁጣ ነው፣ ማን ያውቅ ነበር?» የሚል ካለ፣ ያወቀ ነበር እለዋለሁ። የለንደኑ የዊምብልደን ቴኒስ ውድድር አዘጋጆች ወረርሽኝን የሚሸፍን ኢንሹራንስ ገዝተው ነበር። እ.ኤ.አ. የ2020ው ውድድር ሲሰረዝ ካሳ አገኙ፤ ከዚያም 10 ሚሊዮን ፓውንድ ሊወዳደሩ ለነበሩ 620 ተጫዋቾች አከፋፈሉ። ተጫዋቾቹ ኳስ አልመቱም፤ ግን ባዶ እጃቸውን አልቀሩም።

ከዚህ የምንማረው «ሁላችንም ኢንሹራንስ እንግዛ» የሚለውን አይደለም። ከዚያ ወዲህ መድን ሰጪዎቹም ነቅተዋል፤ ወረርሽኝን ከውላቸው ያወጡ ብዙ ናቸው። ትምህርቱ ሌላ ነው። ዝግጅት ሲታቀድ «ቢሰረዝስ ማን ይጎዳል?» የሚለው ጥያቄ አስቀድሞ ሊመለስ ይችላል። ካልተመለሰ የማንሳው ደካማው ላይ ይወድቃል።

ቀይ መዝገብ

ሌላው ጥያቄ ማን መምጣት ይችላል የሚለው ነው። የግላስጎው የአየር ንብረት ጉባኤ በኮሮና ምክንያት አንድ ዓመት ተገፍቶ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 2021 ተከፈተ። እንግሊዝ ኢትዮጵያን በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ቀይ መዝገብ ውስጥ አስገብታት ነበር። ያወጣቻት ጉባኤው ሊከፈት ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀረው ነው። እርግጥ አዘጋጇ አገር ለልዑካን ክትባት እሰጣለሁ፣ ከቀይ አገር ለሚመጡም የኳራንቲኑን ሆቴል እከፍላለሁ ብላለች። ግን ቪዛና የአውሮፕላን ቲኬት በሦስት ሳምንት እንደማይያዝ ሞክሮ ያየ ያውቀዋል። ድርቁን በዓይኑ ያየው ሰው ስለ ድርቅ በሚመክር ጉባኤ ላይ ለመገኘት በመጀመሪያ የፓስፖርቱን ቀለም ማስፈተሽ ነበረበት።

«እሱ በኦንላይን ይግባ!» ይባላል። ይግባ እንጂ! ግን እኛ ሰኔ 23 ቀን 2012 ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ለሳምንታት የቆየብን ሰዎች ነን። ትግራይ ውስጥ ደግሞ ከ2013 መጀመሪያ አንስቶ ስልክ እንኳን ብርቅ ሆኖ ከረመ። በስክሪን መሰብሰብ እኩል ያደርጋል የሚሉት መብራትና ኔትወርክ ጠፍቶባቸው የማያውቁ ናቸው።

በአካል መገናኘት ግን አደጋ የለውም ብዬም አልከራከርም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ባዮጅን የተባለ የመድኃኒት ኩባንያ ወደ 175 የሚሆኑ ኃላፊዎቹን ቦስተን ሆቴል ውስጥ ሰበሰበ። የበሽታውን ዘር የተከታተሉ ተመራማሪዎች ከዚያች ስብሰባ የተነሳው ሰንሰለት እስከ 300 ሺህ ሰው ሳይደርስ እንዳልቀረ ገምተዋል። ኃላፊዎቹ ለሁለት ቀን ተገናኙ፤ ሒሳቡን ግን ስለ ስብሰባው ሰምቶ የማያውቅ ሰው ከፈለ።

እና ምን ይሁን?

ከመካከላችሁ ዝግጅት የምታሰናዱ፣ የመሥሪያ ቤት ጉዞ የምትይዙ፣ ኮሚቴ ውስጥ «አንቺ ወጣት ነሽ፣ ሎጂስቲክሱን ያዥልን» የተባላችሁ ብዙ ናችሁ። የሚቀጥለው ወረርሽኝ መቼ እንደሚመጣ አናውቅም። ፕሮግራሙን ከማሳተማችሁ በፊት ግን ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ይህ ስብሰባ በርግጥ ሰው በአካል ይፈልጋል? ሪፖርት ለማንበብ ከሆነ ኢሜይል ይበቃል፤ የተጣሉ ለማስታረቅ፣ ያልተዋወቁ ለማስተዋወቅ ከሆነ ግን እንደ ደጃዝማች ናደው መንገድ መግባት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ መምጣት የማይችለው ማነው? ድምፁስ በምን ይገባል? ሦስተኛ፣ ነገ ቢሰረዝ ቀብዱ ማን እጅ ይቀራል? ለሆቴሉ የተከፈለው ቅድሚያ ክፍያ ውስጥ የአስተናጋጇ የቀን ሂሳብ አለበት ወይስ የለበትም?

ሦስተኛው ጥያቄ ቀላል ነው። ሾፌሩ፣ ባጅ አታሚውና ቡና የምታፈላዋ ከሚፈርሙት ውል ላይ አንዲት መስመር ትበቃለች፦ «ዝግጅቱ ቢሰረዝ ይህን ያህል ይከፈላል።» አፍሪካ አዳራሽ ታድሶ በ2017 ተከፍቷል። ሌሎችም አዳራሾች ይከፈታሉ፤ እንግዳውም ይመጣል። የእነዚህ ሰዎች ስም ባነሩ ላይ አይጻፍም። በጀቱ ላይ ግን መጻፍ ይቻላል።