አየሩን የያዘ ፈሳሹን ይይዛል፦ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ቋት የሃያ ዓመት ጉዞ

የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ነገር ሲነሳ ወሬው ስለ ኒኮቲኑ፣ ስለ ሳንባና ስለ መንግሥታት ክልከላ ነው። ባትሪው ላይ የምትገጠመውን ትንሽ የፈሳሽ ቋት የሚያነሳት የለም። ተጠቃሚውን ግን ዕለት ከዕለት ያማረረችው እሷ ናት። ስትሞላ ታስቸግራለች፤ ከሞላች በኋላ ኪስ ውስጥ ታፈሳለች። ፈሳሹ ደግሞ ውኃ አይደለም፤ ኒኮቲን በቆዳ በኩል ሰውነት ውስጥ ይገባል፣ ሕፃን ከጠጣው ለሕይወቱ ያሰጋል። አሞላልና ማፍሰስ ሁለት ችግር ይመስላሉ እንጂ አንድ ናቸው፤ ለመሙላት የተከፈተ በር ሁሉ የማፍሰሻ በር ነው። ይህን ቋጠሮ ለመፍታት ከተራ ተጠቃሚዎች ጓዳ እስከ አውሮፓ ኅብረት ድረስ ብዙ እጅ ገብቶበታል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሐሳቡ ራሱ የቆየ ነው። ኸርበርት ጊልበርት የተባለ የፔንሲልቬኒያ ሰው በ1963 ያመለከተበት ጭስም ትምባሆም የሌለው ሲጋራ በ1965 የፈጠራ መብት ቢሰጠውም ለገበያ ሳይበቃ ቀረ። የዛሬው መሣሪያ መነሻ የቻይናዊው የመድኃኒት ባለሙያ የሆን ሊክ የ2003 ሥራ ነው። በማግስቱ ዓመት ቻይና ውስጥ መሸጥ ጀመረ፤ ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶም ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ተሻገረ።

በእነዚያ ሲጋራ መሰል መሣሪያዎች ውስጥ ቋት የሚባል ነገር አልነበረም። አፍ ላይ የሚገባው ጫፍ ሰው ሠራሽ ጥጥ ይታጨቅበታል፤ ፈሳሹ እዚያ ይጠጣል። ጥጡ ከሚግለው ሽቦ ፊት ካለው የብረት መረብ ጋር ሲነካካ ፈሳሹ ጥቂት በጥቂት ይሻገራል። አሠራሩ ለመያዝ ጥሩ ነው፤ ጥጡ አያፈስም። ችግሩ መልቀቅም አለመውደዱ ነበር። ገና ብዙ ፈሳሽ እያለ ሽቦው ይደርቃል፣ ጉሮሮ የሚቧጥጥ የተቃጠለ ጣዕም ይመጣል።

የመጀመሪያው ጥገና የመጣው ከፋብሪካ ሳይሆን ከተጠቃሚው ነው። ጥጡን በወረንጦ መዝዘው የጣሉት ሰዎች በምትኩ ቤት ያገኙትን ሁሉ ሞከሩ። አንዳንዱ የሻይ ከረጢት ቀዶ ቅጠሉን ደፍቶ፣ ከረጢቱን አጥቦና አድርቆ፣ ጠቅልሎ ከተተው። ሌላው ዓሣ በሚያረቡበት መስታወት ውስጥ ውኃ የሚያጣራውን ስፖንጅ በመቀስ ቆርጦ አስገባ። ስትሮ የቆረጠም ነበር። ፈሳሹ በተሻለ ወረደ። ሆኖም ይዞ የሚያቆየው ነገር በላላ ቁጥር መንጠባጠቡ ተከተለ፤ አንዱን በር ሲያሰፉ ሌላው አብሮ ሰፋ።

ቀጣዩ እርምጃ እውነተኛው ቋት ነው። በ2010 አካባቢ በስፋት የታየው ብልሃት መድኃኒት ቤት በሚሸጥ ስሪንጅ የተሠራ ነበር። የስሪንጁ ፕላስቲክ ቱቦ ይቆረጣል። በመካከሉ፣ ሽቦና ጥጥ የታጨቀባት ቀጭን የብረት ቱቦ በሁለት ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) ተጠብቃ ታልፋለች። የብረት ቱቦዋ ጎን ላይ፣ ወደ ታች ጠጋ ብሎ፣ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል የሆነች ቀዳዳ ትበሳለች። ውጭ ያለው ፈሳሽ በቀዳዳዋ ገብቶ ጥጡን ያርሳል። ቀዳዳዋ ጠባ ከቀረች ሽቦው ይቃጠላል፤ ከሰፋች ውስጡ ይጥለቀለቃል። መሙላቱ ግን ጭንቅ ነበር፤ ፈሳሽ ወደ ብረት ቱቦዋ አፍ ከገባ ሲጋራው ይንቦጫረቃል፣ አፍም ላይ ይረጫል። መላው የተገኘው ሊጣል ከነበረ ዕቃ ነው። ቱቦዋ ስትሸጥ ጫፏ ላይ የምትመጣውን የጎማ ክዳን መልሰው ደፉባት፤ በክዳኗ ተጋርዳ ቋቱ ይሞላል፣ ከዚያ ክዳኗ ትነሳለች። ብዙ ሳይቆይ ፋብሪካዎች ይህንኑ ቅርጽ አሳምረው መሸጥ ያዙ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መጠየቅ ተገቢ ነው። ሥሩ የተበሳ ቋት ፈሳሹን ሁሉ የማያፈሰው ለምንድን ነው? የዶሮ ውኃ መጠጫ ያየ ሰው መልሱን ያውቀዋል። የተገለበጠው ዕቃ ውኃውን የሚለቀው በሥሩ አየር በገባለት መጠን ብቻ ነው። ቋቱም እንደዚያው ነው፤ ከላይ እስከተዘጋ ድረስ ውስጡ ያለው አየር ግፊቱ ይቀንስና ፈሳሹን ወደ ኋላ ይዞ ያስቀራል። ስለዚህ ፈሳሹን የሚይዘው ጎማው ብቻ አይደለም፤ ከጎማው ይልቅ አየሩ ነው። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተተወ ቋት የሚያፈሰው አየሩ ሲሞቅ ስለሚለጠጥና ፈሳሹም ስለሚቀጥን ነው። አውሮፕላን ላይ ደግሞ የውጭው ግፊት ስለሚቀንስ የታፈነው አየር ፈሳሹን ገፍቶ ያስወጣዋል፤ መንገደኞች ቋቱን አፉ ድረስ ሞልተው ወይም ፈጽመው አራግፈው የሚሳፈሩትም ለዚህ ነው።

ከ2011 እስከ 2014 የነበረው ሩጫ በዚህ ዓይን ሲታይ ይገባል። ሽቦአቸው ከላይ ሆኖ ፈሳሽ ሳቢ ክራቸው ወደ ታች የሚንጠለጠል ርካሽ ቋቶች በቀላሉ ይሞላሉ፤ ፈሳሹ ሲጎድል ግን ክሩ ይደርቃል። ሽቦውን ወደ ሥር ያወረዱት እንደ ካንገር ፕሮታንክ ያሉት ደግሞ ክሩን ሁልጊዜ ያረጥባሉ፤ ነገር ግን ለመሙላት ከባትሪው ነቅሎ፣ ዘቅዝቆ፣ ሥሩን መፍታት ግድ ነበር። ሲጥለቀለቅባቸው ተጠቃሚዎች ሽቦው ላይ አንዲት ተጨማሪ ክር ጣል ያደርጉበት ነበር፤ የፈሳሹን መግቢያ እንድታጠብ። ፕላስቲኩንም ቀረፋና የሎሚ ዘር የሆኑ ጣዕሞች ይሰነጥቁት ስለነበር መስታወት ተተካ።

በ2015 ከላይ የሚሞሉ ቋቶች ገበያውን ያዙ። ክዳኑን ገፋ አድርጎ ማፍሰስ ብቻ ነው፤ ቀላል ነው። ሆኖም ክዳኑ በተከፈተ ቅጽበት የዶሮ መጠጫው ሕግ ይፈርሳል፤ አየር ከላይ ሲገባ ፈሳሹ በክሩ በኩል ወደ ሥር፣ ከዚያም በአየር ማስገቢያው ወደ እጅ ይወርዳል። ልማድ ያላቸው ሰዎች መላ አበጁለት። አስቀድመው የሥሩን አየር ማስገቢያ ይዘጋሉ፣ ይሞላሉ፣ ክዳኑን ያጠብቃሉ። ክዳኑ ሲጠብቅ አየር ስለሚታፈን ዕቃውን ዘቅዝቀው የሥሩን አየር ይከፍታሉ፤ ትርፉ ግፊት ፈሳሽ ሳያስከትል ይወጣል። ፋብሪካዎቹ ወደ ሥረ ነገሩ የመጡት ዘግይተው ነው። እንደ 2017ቱ ጊክቬፕ ዚውስ ያሉ ቋቶች አየር ማስገቢያውን ከፈሳሹ በላይ፣ ወደ አናት አወጡት። ጎማ ሳይጨመር ማፍሰሻው በር ከፍ አለ።

በዚህ መካከል ሕግ ገባ። ከግንቦት 2016 ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ቋቱ ከ2 ሚሊ ሊትር፣ የመሙያው ጠርሙስም ከ10 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ፣ አሞላሉም እንዳያንጠባጥብ አዘዘ። ዝርዝሩ ጠብታ እስከ መቁጠር ደረሰ፤ የጠርሙሱ አፍንጫ ቢያንስ 9 ሚሊ ሜትር እንዲረዝም፣ ተዘቅዝቆ ሲቆምም በደቂቃ ከ20 ጠብታ በላይ እንዳይጥል ተደነገገ። መጠኑ ያነሰባቸው ሰዎች ቀጥ ያለውን መስታወት አውጥተው ሆዱ የተነፋ መስታወት ገጠሙ። በኢትዮጵያ ጉዳዩ ከሥሩ ተቆርጧል፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዓ.ም. ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ይከለክላል።

አምራቾቹ ግን ሌላ መውጫ አገኙ፦ በሩን ጨርሶ መድፈን። በ2015 የወጣው ጁል ፈሳሹን በታሸገ ትንሽ ዕቃ አቀረበ፤ ቆጣቢዎች የአፍ ጫፉን በስለት ፈልቅቀው ቢሞሉትም ለመሞላት አልተሠራም። ተከትለውት የመጡት አንዴ አጭሰው የሚጥሏቸው ደግሞ አብዛኞቹ ፈሳሹን በታጨቀ ጥጥ ይዘዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች በወረንጦ መዝዘው የጣሉት ያው ጥጥ ነው። አያፈስም፣ አይሞላም፣ ከነባትሪው ይጣላል። ቆሻሻው ሲከመር ቤልጂየም በጥር፣ ብሪታንያ በሰኔ 2025 ሽያጩን ከለከሉ። የብሪታንያ ሕግ እንደሚለው መሣሪያው ባትሪው የሚሞላ፣ ፈሳሹም የሚጨመርበት ወይም የፈሳሽ ዕቃው ለብቻው ተገዝቶ የሚተካ መሆን አለበት።

ስለዚህ የቀድሞው ጥያቄ በሕግ ተገዶ ተመልሷል። የ2016ቱ ሕግ አታፍስስ ይላል፤ የ2025ቱ ደግሞ አንዴ ብቻ አገልግለህ አትጣል ይላል። ሁለቱን የሚያስታርቅ ቋት ለመሥራት ጎማ መደራረብ እንደማይበቃ የሃያ ዓመቱ ልምድ አሳይቷል። የሠሩት ጥገናዎች ሁሉ፣ ከብረት ቱቦዋ ቀዳዳ እስከ አናት አየር ማስገቢያው፣ አየሩ በየት፣ መቼና ምን ያህል ይግባ የሚለውን የመለሱ ናቸው። ያልሠሩት ፈሳሹን ብቻ ሲያሳድዱ የነበሩት ናቸው።