ፈቃድ

በሊኑክስ ቋንቋ ፈቃድ ሦስት ነው፦ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ማስኬድ። በፎልደር ላይ ግን ትርጉማቸው ይለወጣል።

ወረታ በሚገኘው የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያሉ ተመራማሪዎች አንድ ሰርቨር ይጋራሉ እንበል። ፎልደሩን «ማንበብ» የፋይሎቹን ስም ማየት ሲሆን «ማስኬድ» ደግሞ ወደ ውስጥ መግባት ነው። ከባዱ «መጻፍ» ነው። ከማስኬድ ጋር የተሰጠው ሰው፣ ከፍቶ ሊያነበው የማይችለውን የባልደረባውን የሩዝ ምርት መዝገብ እንኳ ሊሰርዘው ይችላል! ብዙዎች ይህን አያስተውሉም፤ ፋይሉን መቆለፍ የሚበቃ ይመስላቸዋል።

ስለዚህ ሥራ በተደናቀፈ ቁጥር ለሁሉም ሁሉን የሚፈቅደውን የፈቃድ ቁጥር 777 መስጠት ክፉ ልማድ ነው። 1770 ግን ፎልደሩን ለባለቤቱና ለቡድኑ ብቻ ይከፍታል፤ የቡድኑ አባላትም የየራሳቸውን ፋይል እንጂ የሌላውን መሰረዝ አይችሉም።

ከተሰጠ ፈቃድ አልፎ መግባትን ደግሞ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል።