በጃፓን የመምህራን ሥልጠና ዕድል፦ ሠልጣኞች ከትምህርት ቤቱና ከአካባቢው ባህል ጋር የሚተዋወቁበት ሁኔታ

የጃፓን መንግሥት በትምህርት ሚኒስቴሩ አማካኝነት ከሚሰጣቸው ነጻ የትምህርት ዕድሎች አንዱ፣ በሥራ ላይ ለሚገኙ የውጭ አገር መምህራን የተዘጋጀው የሥልጠና መርሐ ግብር ነው። ሥልጠናው በፈረንጆች አቆጣጠር በኦክቶበር ወር ተጀምሮ በማርች የሚጠናቀቅ ሲሆን እስከ አንድ ዓመት ከስድስት ወር ይቆያል። የመጀመሪያዎቹ ወራት በአብዛኛው ለጃፓንኛ ቋንቋ ትምህርት ይውላሉ። ከዚያ በኋላ ሠልጣኙ በተመደበበት ዩኒቨርሲቲ የትምህርት አሰጣጥንና የትምህርት አስተዳደርን ያጠናል፤ ትምህርት ቤቶችንም ይጎበኛል። በዚህ መርሐ ግብር ዲግሪ እንደማይሰጥ አመልካቾች አስቀድመው ማወቅ ይገባቸዋል።

ከቤተሰብና ከሥራ ገበታ ለዚህን ያህል ጊዜ ተለይቶ ያለ ዲግሪ መመለስ ምን ይጠቅማል የሚል ጥያቄ ቢነሣ ተገቢ ነው። ለመምህር ትልቁ ትርፍ የሚገኘው በየዕለቱ የትምህርት ቤት ኑሮ ውስጥ ነው። የሻይ ሥነ ሥርዓት፣ የኪሞኖ አለባበስና የቼሪ አበባ ወቅት ለእንግዳ ሁሉ የሚታዩ ናቸው፤ የሚወደዱም ናቸው። መምህር ግን ሌላ እንግዳ የማያየውን የማየት ዕድል አለው።

ለምሳሌ የጽዳት ሰዓትን እንመልከት። በጃፓን የአንደኛና የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ክፍላቸውን፣ ኮሪደሩንና ብዙ ጊዜም መጸዳጃ ቤቱን ራሳቸው ያጸዳሉ። መምህሩም አብሯቸው ይሠራል። በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን ተማሪ መጥረጊያ የሚይዘው ተራው ሲደርስ፣ አንዳንዴም አርፍዶ ሲቀጣ ነው። ስለዚህ ሠልጣኙ ሕፃናቱ ተንበርክከው ወለል ሲወለውሉ ባየ ጊዜ የሠራተኛ እጥረት ወይም ቅጣት ሊመስለው ይችላል። በእነርሱ ዘንድ ጽዳቱ የትምህርቱ ክፍል ነው። በአገራችን መሥሪያ ቤቶች በካይዘን ሥልጠና «አምስቱ ማዎች» ተብለው የተዋወቁትን አሠራሮች ለሚያውቅ ሰው፣ ልማዱ ከልጅነት እንዴት እንደሚገነባ በዚህ ቦታ በግልጽ ይታያል።

ምሳም እንዲሁ ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. የወጣው የትምህርት ቤት ምሳ ሕግ ምገባውን ከትምህርት ዓላማ ጋር ያያይዘዋል። ተረኛ ተማሪዎች ነጭ ሽርጥና ቆብ አድርገው ምግቡን ያቀርባሉ፤ ሁሉም እስኪደርሰው ተጠብቆ «ኢታዳኪማሱ» ተብሎ በአንድነት ይበላል። የክፍሉ መምህርም ያንኑ ምግብ እዚያው ክፍል ውስጥ ይመገባል። እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ ሠልጣኝ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። የብዙ ሾርባዎች መሠረት ከደረቀ ዓሣ የሚወጣ መረቅ በመሆኑ አትክልት ብቻ የሚመስል ምግብ በጾም ዓሣ ለማይበላ ሰው ላይሆን ይችላል። የአሳማ ሥጋም በብዛት ይገኛል። በይሉኝታ ዝም ብሎ ሳህኑን መመለስ አስተናጋጆቹን ግራ ያጋባቸዋል፤ ቀድሞ በግልጽ ማስረዳት ግን እንደ ነውር አይቆጠርም። ስለዚህ የጾምና የሃይማኖት የአመጋገብ ሥርዓትዎን ለዩኒቨርሲቲው አማካሪ ከጉብኝቱ በፊት በጽሑፍ ያሳውቁ።

ሌላው ሊታይ የሚገባው መምህራን አንዱ የሌላውን ክፍል ገብተው የሚመለከቱበት ልማድ ነው። መምህራኑ አንድን ትምህርት በጋራ ያቅዳሉ፤ አንዱ ያስተምራል፤ ሌሎቹ ከክፍሉ ጀርባና ጎን ቆመው ይመዘግባሉ፤ በኋላም ተቀምጠው ይወያዩበታል። በእኛ ዘንድ የክፍል ምልከታ ከሥራ አፈጻጸም ምዘና ጋር ተያይዞ ስለሚታይ መምህሩን ያስጨንቃል። በዚያ ግን ተመልካቹ ትኩረቱን የሚያሳርፈው በተማሪዎቹ ላይ ነው፦ የትኛው ልጅ የት ላይ ተሳሳተ፣ ምን ብሎ ለጓደኛው አስረዳ፣ ደብተሩ ላይ ምን ጽፎ አጠፋ። በውይይቱ ላይ ሠልጣኙም አስተያየት እንዲሰጥ ሊጋበዝ ይችላል። «ጥሩ ነበር» ብቻ ብሎ ማለፍ ጨዋነት ቢመስልም ውይይቱን አይረዳውም፤ የታየውን አንድ ተማሪ ለይቶ መናገር የተሻለ ነው። ይህ አሠራር ከሥልጠናው ከሚገኘው ሁሉ በቀላል ወጪ ወደ አገር ቤት ሊመጣ የሚችል ይመስለናል። የሚጠይቀው የመምህራንን ጊዜና የርእሰ መምህሩን ፈቃድ ነው።

ሠልጣኞች ስለ አገራቸው ለተማሪዎች እንዲናገሩ የሚጋበዙበት አጋጣሚም አለ። በ1964 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ የማራቶን አሸናፊ የሆነው አበበ ቢቂላ በጃፓን እስከ ዛሬ ይታወቃል። የኢትዮጵያ ቡናም «ሞካ» በሚል ስም ይሸጣል። ለማሳያ የተቆላ ቡናና የባህል ልብስ መያዝ መልካም ነው። ቋንጣን ጨምሮ የሥጋ ውጤቶች ግን የላኪው አገር የምርመራ ሰነድ ከሌላቸው ወደ ጃፓን እንዳይገቡ ተከልክለዋል። በነገራችን ላይ፣ በአገራችን አቆጣጠር የተሞላ ባለ ዘንግ የእጅ ሰዓት ጃፓን ሲገባ መቀየር አያስፈልገውም፤ እዚህ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን እዚያ ከቀትር በኋላ ሁለት ሰዓት ነው።

ለማመልከት የከፍተኛ ትምህርት ወይም የመምህራን ኮሌጅ ምሩቅ መሆን፣ በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወይም በመምህራን ማሠልጠኛ ቢያንስ አምስት ዓመት ማገልገልና ዕድሜ ከ35 ዓመት በታች መሆን ይጠየቃል። የዩኒቨርሲቲ መምህራን በዚህ ዘርፍ አይካተቱም። ወርኃዊ አበሉ በቅርብ ዓመታት ማስታወቂያዎች 143 ሺህ የን ገደማ ሲሆን ለአንድ ሰው የታሰበ ነው፤ የትምህርትና የአውሮፕላን ወጪ በጃፓን መንግሥት ይሸፈናል። ዝርዝሩ በየዓመቱ ሊለወጥ ስለሚችል ማመልከቻ ከማዘጋጀትዎ በፊት የዓመቱን ማስታወቂያ አዲስ አበባ ከሚገኘው የጃፓን ኤምባሲ ያረጋግጡ። ሠልጣኙ ሲያጠናቅቅ ወደ ሥራው እንዲመለስ ስለሚጠበቅ፣ ከአሠሪ መሥሪያ ቤትዎ የፈቃድና ወደ ሥራ የመመለስ ስምምነትን ከጉዞ በፊት በጽሑፍ ይያዙ፤ አንዱን ቅጂም እቤት ለሚቀር የቅርብ ሰው ይተዉ።