«ሚኔ»፦ በአፍ የቆየች ጥንታዊት ቃል

የዛሬው ንግግራችን ስለ አንዲት አጭር ቃል ነው።

እናንተ የአንጋጫ ሰዎች ቤትን በከምባትኛ «ሚኒ» ትላላችሁ፤ በዐረፍተ ነገር ውስጥ መጨረሻው ይለዋወጣል። ሆሳዕና ብትሄዱ ሀዲያው «ሚኔ» ይላችኋል። ሲዳማውም ጌዴኦውም «ሚኔ» ነው የሚለው። ኦሮሞው ደግሞ «መና» ይላል።

እስቲ የፊደል ገበታችሁን ተመልከቱ። «ሚ» እና «መ» በአንድ ተራ ላይ ናቸው። «ኒ»፣ «ኔ»፣ «ና»ም እንዲሁ የ«ነ» ልጆች ናቸው። ድምፁ ትንሽ ዘንበል አለ እንጂ መ እና ነ ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

ጎረቤት ከጎረቤት ተዋሰው እንጂ ሌላ ምን አለው፣ የሚል አይጠፋም። መዋዋስማ አለ። ግን በሰሜን ኬንያ በረሃ ግመል የሚያረባው የሬንዲሌ ሕዝብም ቤትን «ሚን» ይላል። አንጋጫና ሬንዲሌ በየትኛው ገበያ ተገናኙ?

ከሁሉ የሚገርመው የሶማልኛው ነው። ዛሬ ሶማሌው ቤቱን «ጉሪ» ወይም «አቀል» ይላል። አሮጌዋ ቃል ግን በሌላ ቃል ውስጥ ተሸሽጋ ቀርታለች። ሁለት ሚስት ያገባ ሰው የመጀመሪያዪቱ ሚስቱ «ሚንወይን» ትባላለች፤ ሲፈታ «ትልቅ ቤት» ማለት ነው። ታናሺቱ «ሚንያሮ» ናት፤ «ያር» ትንሽ ማለት ነው። ቃሏ ከቤቱ ወደ ሴቲቱ ተሻገረች ማለት ነው። ኦሮሞውም ሚስትን «የቤት እናት» ይላታል። በአማርኛስ ባልና ሚስት «ባለቤቴ» ይባባሉ የለም?

እነዚህ ቋንቋዎች ሁሉ የኩሽ ቤተሰብ ናቸው፤ አንድ ጥንታዊ ወላጅ ቋንቋ ነበራቸው። ምስክሯ ሚኔ ብቻ አይደለችም። ዐይንን ሀዲያውና ሲዳማው «ኢሌ»፣ ሶማሌው «ኢል» ይሉታል። ብራና ላይ ያልሰፈረ ሕዝብ ታሪክ የለውም የሚሉ ሰዎች ይህን አላዳመጡም። እናቶች ለልጆቻቸው ሲያወርሷት የኖረች ቃል የሕዝቦችን ዝምድና ይዛ ቆይታለች።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በኋላ 15 ቋንቋዎችን አቅፏል። ሀዲይኛና ከምባትኛም በግዕዝ ፊደል ተጽፈው ተማሩባቸው፤ ወደ ላቲን ፊደል የተዛወሩት ከዚያ በኋላ ነው። ግሮቨር ሃድሰን የተባለ የቋንቋ ሊቅም በ1989 እ.ኤ.አ. የከምባታን፣ የሀዲያን፣ የሲዳማን፣ የጌዴኦንና የቡርጂን ቃላት በአንድ መዝገበ ቃላት አሳተመ። «ቤት»ን ብትፈልጉ በአምስቱም ያው መ እና ነ ይጠብቋችኋል።